«የጎመን ምንቸት ውጣ!» ብለን ካስወጣነው በኋላ ጎመኑ የበዓል መሶብ ላይ ምን ይሠራል?

እስቲ በአንድ ጥያቄ እንጀምር። በበዓል ቀን እናንተ ቤት መሶብ ላይ ምን ምን ይቀርባል? ዶሮ ወጡ አለ፣ ጥብሱ አለ፣ አይቡም አለ። ጥግ ላይ ደግሞ አንድ አረንጓዴ ነገር ቁጭ ብሏል፤ ጎመን። «ጎመኑ ደረሰ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ የለም። ፎቶ ሲነሳም ካሜራው የሚዞረው ወደ ዶሮው ነው። ግን ጎመኑ ቀርቶ አያውቅም።

እኔ ያደግኩት ምዕራብ ጎጃም ውስጥ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ባለ ገጠር ነው። በመስቀል ሰሞን ማታ አባቴ ችቦ ለኩሶ ቤቱን ሲዞር፣ እኛ ልጆች ከኋላው እየተከተልን «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ!» እያልን እንጮሃለን። (ለማታውቁት፦ ምንቸት ወጥ የሚሠራበት የሸክላ ድስት ነው።) ትርጉሙ ግልጽ ነው። የችግሩ ክረምት አለፈ፣ ቅጠል የምንበላበት ጊዜ ይብቃ፣ የእህሉ ጊዜ ይግባ ማለት ነው።

በማግስቱ መሶቡ ሲከፈት ግን ምን ባይ ጥሩ ነው? ጎመን! ከዶሮው አጠገብ፣ በቅቤ አብረቅርቆ። አያቴን «እንዴ! ትናንት አስወጣነው አይደል እንዴ?» አልኳት። አያቴ ሳቀችና «ስትዞሪ የዋልሽው ‹እንኳን አደረሳችሁ› እያልሽ አይደል? ያደረሰንማ እግዜር ነው። በእጁ የያዘው ግን ጎመን ነበር» አለችኝ።

ያኔ ነገሩ አልገባኝም። እንዲያውም ከተማ ትምህርት ቤት ስገባ የምሳ ዕቃዬን ክዳን ግማሽ ብቻ ከፍቼ እበላ ነበር፤ እንጀራው ላይ ያለው ጎመን መሆኑን ጓደኞቼ እንዳያዩብኝ። ጎመን የድሃ ምግብ ነው፣ ይባል ነበር፤ ዛሬም ይባላል። «ጎመን በጤና» የሚለውን ተረት አስቡት። የሚያመሰግን ይመስላል እንጂ ውስጡ «ጎመን ከሁሉ ያነሰ ነው፤ ቢሆንም ጤና ካለ ይበቃኛል» የሚል ነው።

ብዙ ዓመት ቆይቼ፣ ምሕንድስና ከተማርኩ በኋላ፣ የአያቴን መልስ እንደ አንድ ሒሳብ ማየት ጀመርኩ። ዛሬ ይህንን ሒሳብ አብረን እንሥራው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ጎመኑን ራሱን እንሠራዋለን፤ 20 ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ጎተራና ጓሮ

ጤፍ በምዕራብ ጎጃም በአብዛኛው ሐምሌ ላይ ይዘራል፤ የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ በታኅሣሥና በጥር ጎተራ ያስገባው እህል እስከሚቀጥለው አዝመራ ድረስ መዝለቅ አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፦ ከዚያው ጎተራ ለዘር የሚወጣም አለ። ሰኔና ሐምሌ ላይ ገበሬው ሊበላው ይችል የነበረውን እህል መሬት ላይ ይበትነዋል። ጎተራው የሚጎድለው ልክ ሥራው በሚከብድበት፣ ዝናቡ በሚበረታበት ጊዜ ነው። ነሐሴ ሲመጣ ወለሉ ይታያል።

ጎመን በዚህ ክፍተት ውስጥ ይገባል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ጓሮ ላይ ይዘራል፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ቅጠሉ ለመቀንጠስ ይደርሳል። ሲቀነጠስ ደግሞ ተክሉ አይሞትም። የታችኞቹን ቅጠሎች ስትወስዱ ከላይ አዲስ ያወጣል። ዛሬ ቀንጥሳችሁት ከሳምንት በኋላ ትመለሱበታላችሁ።

በእኛ ሙያ ቋንቋ ጎተራ ክምችት ነው፣ ጓሮ ግን ፍሰት ነው። ክምችት በተጠቀማችሁበት ቁጥር ይጎድላል። ፍሰት በየቀኑ ትንሽ ይሰጣል፣ ነገም ይሰጣል። ጎመን ብቻውን እንደ ጤፍ ወይም እንደ በቆሎ ጉልበት አይሆንም፤ የሚሰጠው ኃይል ትንሽ ነው። ነገር ግን ያለውን ትንሽ እንጀራ ያስበላል፣ ቫይታሚን ኤና ሲ ይጨምራል፣ ጎተራው ላይ ያለውን ጫና ይቀንሳል። የክረምቱ ድልድይ እሱ ነው።

ቦታውም በአጋጣሚ የተመረጠ አይደለም። ጎመን የሚዘራው ከቤቱ ጀርባ፣ አመድና እበት የሚደፋበት አካባቢ ነው። ጎመን ናይትሮጅን ይወዳል፤ የቤቱ ጥራጊ ደግሞ ይህንኑ ይሰጠዋል። ለቤት ስለሚቀርብ ከፍየል ይጠበቃል፤ ሴቶችና ልጆችም በቀላሉ ይንከባከቡታል።

ሌላም ግጥምጥሞሽ አለ። ጾመ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ይጾማል። ቅቤ፣ ወተትና ሥጋ የማይበላበት ጊዜና ጎተራው የሚጎድልበት ጊዜ አንድ ላይ ይወድቃሉ። ጎመን ሁለቱንም ይሸፍናል። ልጅ ሆኜ «የጾም ምግብ» እና «የችግር ምግብ» ለምን አንድ ዓይነት እንደሚመስሉ ግራ ይገባኝ ነበር፤ አንዱ መልስ የቀን መቁጠሪያው ላይ አለ።

በሬው ሲሞት

አሁን ወደ 1880 ዓ.ም. እንሂድ። መስከረም ላይ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስትመረቅ እቴጌ ጣይቱ ለቀናት የዘለቀ ታላቅ ግብር አዘጋጁ። ጄምስ ማካን የተባለው የአፍሪካ ምግብ ታሪክ ተመራማሪ ይህን ግብር የኢትዮጵያ ምግብ እንደ አንድ አገራዊ ማዕድ የታየበት ትልቅ ክስተት አድርጎ ይጽፍለታል። ሥጋው፣ ወጡ፣ ጠጁ በገፍ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ የከብት ደስታ በሽታ ገባ። ሳይንቲስቶች ሪንደርፔስት ይሉታል። በምፅዋ በኩል ከውጭ ከመጡ ከብቶች ጋር እንደገባ ይታመናል። የአገሪቱ ከብት እስከ 90 በመቶ እንዳለቀ ይገመታል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀውን ረሃብ ሕዝቡ «ክፉ ቀን» ብሎ ሰየመው፤ ጎጃምን ጨምሮ ብዙ አካባቢዎችን አዳረሰ።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። የሞተው ከብት ነው። ታዲያ ለምን እህል ጠፋ? መልሱ፦ በሬ የእርሻው ሞተር ነበር። ጤፍ ከመዘራቱ በፊት መሬቱ ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ይታረሳል። በሬ ከሌለ ማረሻ አይንቀሳቀስም። አውድማ ላይ እህሉን የሚያበራየውም ከብቱ ነው። ሞተሩ ሲቆም ፋብሪካው በሙሉ ይቆማል። አፄ ምኒልክ በዚያ ዘመን ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደቆፈሩ ተመዝግቧል፤ ሕዝቡ በእጅ መቆፈርን እንዳይንቅ ምሳሌ መሆናቸው ነበር።

አሁን የንጉሡን ዶማ ከጓሮው ጋር አያይዙት። ጤፍ በሬ ይፈልጋል፤ ጎመን የሚፈልገው ዶማ ብቻ ነው። ጤፍ ለመድረስ አራትና አምስት ወር ይፈልጋል፤ ጎመን ሁለት ወር አይሞላም። ለአንድ ሄክታር ጤፍ በኪሎ የሚለካ ዘር ያስፈልጋል፤ የጎመን ዘር ግን ከአንድ የሻይ ማንኪያ ውስጥ ወደ አንድ ሺህ ፍሬ ይወጣል። ጥንድ በሬ የሞተበት ቤት እርሻው ይቆማል፤ ጓሮው ግን አይቆምም።

ጎመን ክፉ ቀንን አስቀረ ማለቴ አይደለም። አላስቀረም፤ ያለቀው ሰው ብዙ ነው። የምለው ሌላ ነው። ሞተሩ ሲሞት የማይሞት ምግብ ያለው ቤትና የሌለው ቤት እኩል አይደሉም። ዛሬ መሐንዲሶች ይህንን «መጠባበቂያ ሥርዓት» ይሉታል። ዋናው መስመር ሲቋረጥ የሚሠራ፣ በሌላ ጉልበት የሚንቀሳቀስ ሁለተኛ መስመር ማለት ነው። ሪንደርፔስት እ.አ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው። ትምህርቱ ግን ይቅር የሚባል አይደለም።

የሰናፍጭ ልጅ

ለመሆኑ ይህ ጎመን ማን ነው? የሐበሻ ጎመን፣ በሳይንስ ስሙ ብራሲካ ካሪናታ ይባላል። ስሙን ያወጣለት ጀርመናዊው የእጽዋት ሊቅ አሌክሳንደር ብራውን ሲሆን ዘመኑም እ.አ.አ. 1841 ነው። የውጭ ሰዎች «የኢትዮጵያ ሰናፍጭ» ብለው ይጠሩታል። ለምን ሰናፍጭ?

መልሱ የተገኘው ጃፓን ውስጥ ነው። ናጋሃሩ ዩ የተባለው፣ በኮሪያ ስሙ ዉ ጃንግ ቹን የሚባለው ተመራማሪ፣ እ.አ.አ. በ1935 አንድ ሦስት ማዕዘን ሣለ። በሦስቱ ጫፎች ሦስት ወላጅ ተክሎችን አስቀመጠ፤ በሦስቱ ጎኖች ደግሞ ከእነሱ መዳቀል የተወለዱ ሦስት ልጆችን። ከልጆቹ አንዱ የእኛ ጎመን ነው።

ሒሳቡ ደስ ይላል። አንዱ ወላጅ ጥቁር ሰናፍጭ ነው፤ 8 ጥንድ ክሮሞዞም አለው። ሌላው የጥቅል ጎመን፣ የአበባ ጎመንና የብሮኮሊ ወገን ነው፤ 9 ጥንድ አለው። የሐበሻ ጎመን ስንት አለው? 17 ጥንድ። 8 ሲደመር 9። ማለትም የሁለቱንም ወላጆች ሙሉ ሻንጣ ተሸክሞ የሚዞር ተክል ነው።

ይህንን በምላሳችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ጥሬ የጎመን ቅጠል አኝኩ፤ ትንሽ ቆይቶ አፍንጫ ላይ የሚወጣ ቃጠሎ ይሰማችኋል። በጾም ቀን ሰናፍጭ በእንጀራ ስትበሉ የሚሰማችሁ ያው ነው። በቅጠሉ ሕዋስ ውስጥ ሲኒግሪን የሚባል ውሕድና ማይሮሲኔዝ የሚባል ኢንዛይም በተለያየ ክፍል ተቀምጠዋል። ቅጠሉ ሲቆረጥ ወይም ሲታኘክ ግድግዳው ይፈርስና ሁለቱ ይገናኛሉ፤ የሚያቃጥለው ነገር ያኔ ይፈጠራል። ተክሉ ይህን የሠራው ለእኛ ብሎ አይደለም፣ ነፍሳትን ለማባረር ነው። ሙቀት ኢንዛይሙን ያጠፋዋል። የበሰለ ጎመን የማያቃጥለው ለዚህ ነው።

አንድ የሚያስገርም ነገር ልጨምርላችሁ። አሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን የሐበሻ ጎመን ሲያጡ የሚሠሩት በኮላርድ ነው። ኮላርድ ደግሞ ከሁለቱ ወላጆች የአንዱ፣ የጥቅል ጎመን ወገን ነው። ስለዚህ ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖር ቤተሰብ ለገና የሚያበስለው የእኛን ጎመን የአጎት ልጅ ነው ማለት ይቻላል። አሠራሩ ያው ነው፤ የሰናፍጭ ወገኑ ብቻ የለበትም።

ምንቸቱ ውስጥ የገቡ እንግዶች

ጎመኑ የቆየ ነዋሪ ነው። ከእሱ ጋር ምንቸት የሚገቡት ግን ሁሉም የቆዩ አይደሉም። ቃሪያን ውሰዱ። ቡሬና ጃቢ ጠህናን ዛሬ በበርበሬ ስማቸው ይጠራል። በጥቅምትና በኅዳር በዚያ መንገድ ያለፈ ሰው ሜዳው ላይ የተሰጣውን ቀይ በርበሬ አይረሳውም። ነገር ግን በርበሬም ቃሪያም መሠረታቸው አሜሪካ ነው፤ ወደ ሌላው ዓለም የወጡት ኮሎምበስ እ.አ.አ. በ1492 ባሕሩን ከተሻገረ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የነበረች የጎጃም እናት ጎመኗን ያለ ቃሪያ ነበር የምትሠራው። የሚያቃጥል ነገር ስትፈልግ ሰናፍጭና ዝንጅብል ነበሩላት።

ጎመን ሲጠፋ የምንገዛው ቆስጣም እንግዳ ነው፤ ስሙ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ወገኑ ከጎመን ሳይሆን ከቀይ ሥር ነው። ዘይቱስ? የጎጃም የጾም ዘይት ጥንትም የኑግ ነበር። ቡሬ ውስጥ በ2013 ዓ.ም. ትልቅ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ተመርቋል፤ ከዚያ በፊት ግን ኑግ እየተቆላ፣ እየተወቀጠ፣ በሙቅ ውኃ እየታሸ ቤት ውስጥ ነበር ዘይቱ የሚወጣው። አሁን አንድ ማንኪያ ዘይት ድስት ውስጥ ስታደርጉ የስንት ሰዓት ጉልበት እንደቀረላችሁ አስቡት።

ታዲያ ጎመን እንዴት በዓል ገባ?

መጀመሪያ፣ ጊዜው። እንቁጣጣሽ መስከረም 1 ነው፣ መስቀል መስከረም 17። በእነዚህ ቀናት ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው። በቆሎ እሸቱ ደርሶ ይሆናል፤ ጓሮ ላይ ግን ጎመኑ ከመቼውም በላይ ለምልሟል። ስለዚህ አዲስ ዓመት ላይ በብዛት ያለው ትኩስ ነገር እሱ ነው። «ውጣ» የሚባለውም በዚያው ወር፣ በጣም ባማረበት ጊዜ መሆኑ ያስቃል።

ሁለተኛ፣ ሥጋውን ማብዛት። ጎመን በሥጋን አስቡ። ጥቂት ጎድን ከብዙ ጎመን ጋር ሲበስል ስቡና መረቁ ሁሉም ቅጠል ውስጥ ይገባል። አንድ ኪሎ ሥጋ አምስት ሰው ያበላ ከነበረ፣ ከጎመን ጋር አሥር ሰው ያዳርሳል። ጎረቤት ሁሉ በሚጠራበት ቀን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሦስተኛ፣ ቅቤው። ጉራጌዎች በመስቀል የሚያዘጋጁትን ጎመን ክትፎ የቀመሰ ሰው ጎመንን «የድሃ» አይለውም። ደቅቆ የተከተፈ ጎመን፣ ንጥር ቅቤ፣ አይብ። እነሱ ጋ ጎመን ከበዓሉ አይወጣም፣ ከበዓሉ ጋር ይመጣል። ሳይንሱም ይደግፋቸዋል። በጎመን ውስጥ ያለው፣ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው ቤታ ካሮቲን፣ እንዲሁም ቫይታሚን ኬ በውኃ ሳይሆን በቅባት ይሟሟሉ። ጎመን ያለ ቅባት ከተበላ ከእነዚህ ብዙው ሳይወሰድ ያልፋል። ቅቤው ቅንጦት ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ በጾም ደግሞ ዘይቱ ይተካዋል።

አራተኛው አዲስ ነው፦ መስኖ። ድሮ ፋሲካ ላይ፣ በደረቁ ሚያዝያ፣ የገጠር ጓሮ ባዶ ነበር። አሁን በምዕራብ ጎጃም ብዙ ቦታ ትንንሽ መስኖዎች አሉ፤ መራዊ አካባቢ ያለው የቆጋ ግድብ ብቻ ወደ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ የተሠራ ነው። ስለዚህ ጎመን ከክረምት እስራቱ ተፈቷል፤ ለገናም ለፋሲካም ገበያ ላይ ይገኛል።

አሁን እንሥራው

ለአምስት ወይም ለስድስት ሰው የሚሆን፦ ጎመን 1 ኪሎ፣ ቀይ ሽንኩርት 2፣ ነጭ ሽንኩርት 5 ፍሬ፣ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ዝንጅብል፣ ቃሪያ 2፣ ንጥር ቅቤ 2 የሾርባ ማንኪያ (በጾም ከሆነ በምትኩ ዘይት)፣ ጨው።

1. ጎመኑን በደንብ እጠቡት። የቅጠሉን መሐል ወፍራም ጅማት አውጡና ቅጠሎቹን ደራርባችሁ እንደ ሲጋራ ጠቅልሏቸው፤ ከዚያ ቀጭን ቀጭን አድርጋችሁ ክተፉ። ደቅቆ በተከተፈ ቁጥር ሙቀት የሚነካው ገጽ ይበዛል፣ ጊዜው ያጥራል። «ፈጣን» የሚያደርገው እሳቱ አይደለም፣ ቢላዋው ነው።

2. ሽንኩርቱን ያለ ቅባት፣ በራሱ ውኃ አቁላሉት። ውኃ እስካለ ድረስ ድስቱ ከውኃ መፍያ በላይ ብዙ አይሞቅም፤ ስለዚህ ሽንኩርቱ ሳያርር ይለሰልሳል። ውኃው ሲያልቅ ቅቤውን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ጨምሩና አንድ ደቂቃ አማስሉ።

3. ጎመኑንና ጨውን ጨምሩ። ጨው ውኃውን ከቅጠሉ ይስበዋል፤ ክምሩ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ወደ ሩብ ይወርዳል። አትደንግጡ! ክዳኑን ገጥማችሁ አምስት ደቂቃ ተዉት። ቅጠሉ የጠና ከሆነ ግማሽ ብርጭቆ ሙቅ ውኃ ጨምሩና ትንሽ አቆዩት። ቡሬ ላይ የምታበስሉ ከሆነ ደግሞ አስታውሱ፦ ከተማዋ ከባሕር ጠለል ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚያበስል ሰው ትንሽ ደቂቃ መጨመራችሁ የሙያ ጉድለት አይደለም፣ የአየር ግፊት ነው።

4. ክዳኑን አንሱና ውኃው እስኪመጥ አማስሉ። ይህ እርምጃ ለቀለሙ ነው። የጎመኑ አረንጓዴነት ከክሎሮፊል ይመጣል፤ በክሎሮፊሉ መሐል አንድ ማግኒዚየም አለ። ከቅጠሉ የሚወጣው ቀላል አሲድ በሙቀት ሲታገዝ ያንን ማግኒዚየም ይነቅለዋል፤ ያኔ ጎመኑ ወደ ቡናማ ያደላል። ክዳኑ ሲነሳ ከአሲዱ የተወሰነው ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣል። ሎሚ የምትወዱ ከሆነም ማዕድ ላይ እንጂ ድስት ውስጥ አትጭመቁ።

5. ቃሪያውን ሰንጥቃችሁ ጨምሩና አውርዱ። በአይብ አቅርቡ።

በቃ፣ ይኸው ነው። ዶሮ ወጡ ገና ሽንኩርቱ እየተቁላላ እያለ እናንተ ጨርሳችኋል።

ዘሩን ማን ይይዘዋል?

አንድ ጉዳይ ግን ይቀረናል፤ እኔን በእውነት የሚያሳስበኝም እሱ ነው። አያቴ በየዓመቱ ሦስት ወይም አራት የጎመን እግር ሳትቀነጥስ ትተዋለች። ያብባሉ፣ ዘር ይይዛሉ። ከዘሩ ግማሹ ለሚቀጥለው ክረምት ይቀመጣል፤ ግማሹ ተወቅጦ ምጣድ ማሰሻ ይሆናል። ዘይቱ በሙቀት ምጣዱ ላይ ተጣብቆ ለስላሳ ሽፋን ስለሚሠራ እንጀራው አይያዝም። አሁን አሁን ግን ዘር ከሱቅ እየተገዛ ነው፤ ብዙ ጓሮም ለቤት መሥሪያ እየሆነ ነው።

በሌላው ዓለም ግን ይህ ዘር ተፈላጊ ሆኗል። እ.አ.አ. በጥቅምት 2012 የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ፋልከን 20 የተባለ ጄት ሙሉ በሙሉ ከዚህ ተክል ዘር በተሠራ ነዳጅ አብርሯል። በ2018 ደግሞ የአውስትራሊያው ቃንታስ ከሎስ አንጀለስ እስከ ሜልበርን በ10 በመቶ ከዚሁ ዘር በተገኘ ነዳጅ ተጉዟል። የምሳ ዕቃዬን ክዳን ግማሽ ከፍቼ የደበቅኩት ተክል ውቅያኖስ ተሻገረ ማለት ነው!

ለማብሰያም ይሁን ለነዳጅ የተሻለ ዝርያ የሚፈልግ ሰው ልዩ ልዩ ዘር ያስፈልገዋል፤ ድርቅ የሚችል፣ ውርጭ የሚችል፣ ቶሎ የሚደርስ። ያ ልዩነት የተጠራቀመው በእንደነዚህ ዓይነት ጓሮዎች ነው። እ.አ.አ. በ1976 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዘር ባንክ፣ የዛሬው የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት መነሻ፣ የጎመን ዘርንም ይዟል። ባንኩን ለዓመታት የመሩትና እ.አ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት ዶክተር መላኩ ወረደ ግን አጥብቀው የሚሉት አንድ ነገር ነበር፦ ዘር ማቀዝቀዣ ውስጥ ብቻ አይጠበቅም፤ ገበሬው ማሳ ላይም መኖር አለበት። ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ ዘር ባለበት ይቆያል፤ ጓሮ ላይ ያለው ግን ከየዓመቱ ዝናብና ተባይ ጋር እየተላመደ ይሄዳል።

ስለዚህ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። በሚቀጥለው በዓል ገጠር ከሄዳችሁ አያታችሁን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ዘሩን ከማን አገኙት? የትኛውን እግር ለዘር ይተዉታል? ለምን እሱን መረጡ? መልሱን ጻፉት። ትንሽ ዘርም በወረቀት ጠቅልላችሁ አምጡ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ጓሮ ባይኖራችሁ እንኳ በረንዳ ላይ ባለ አሮጌ ባልዲ ይበቅላል።

የእኔ ባልዲ ላይ አራት እግር አለ። ሦስቱን ለእንቁጣጣሽ እቀነጥሳቸዋለሁ፤ አንዱን ለዘር ትቼዋለሁ። በመስቀል ማታም እንደ ልማዱ «የጎመን ምንቸት ውጣ!» እላለሁ። በማግስቱ ግን ጎመኑን ከመሶቡ ጥግ አንስቼ መሐል ላይ ነው የማስቀምጠው።

እንኳን አደረሳችሁ!